ስታንድአፑ ሪፖርት ሆኖባችኋል? ምልክቱ፣ ምክንያቱና ጥገናው

ሰዓቱ ተይዟል። ሊንኩ ተልኳል። የቡድኑ ሥራዎች የሚታዩበት ቦርድ ተከፍቷል። ይህን ያህሉን አድርጋችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ቡድናችሁ ከ10 ሰው ከበለጠ መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉትና ተመለሱ።

በስክረም፣ ማለትም ሥራን በአጫጭር ዙር ከፋፍሎ በመሥራት ዘዴ፣ የሚሠራ ቡድን አራት ቋሚ ስብሰባ አለው፤ ፕላኒንግ (የዙሩን ሥራ ማቀጃ)፣ የጠዋቱ ስታንድአፕ፣ ሪቪው (የተሠራውን ማሳያ) እና ሪትሮ (አሠራሩን መገምገሚያ)። አራቱም ይበላሻሉ። እኔን ግን በሄድኩበት ሁሉ የሚጠብቀኝ ያው አንድ ብልሽት ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ተራ በተራ ያወራል፣ ማንም አይሰማም

«ትናንት ኤፒአዩ ላይ ስሠራ ነበር። ዛሬም እቀጥላለሁ። ብሎከር የለኝም።» ቀጣዩ ይቀበላል። «ትናንት የሎጊን ገጹ ላይ ነበርኩ። ዛሬም እሱኑ። ብሎከር የለኝም።» ዘጠኝ ሰው እንዲህ ይላል። ብሎከር ማለት ሥራን የሚያግድ ነገር ነው። የሁሉም ዓይን አለቃው ላይ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ነገር ፈትሹ። ስብሰባው እንዳለቀ አንዱን ያዙና ከሱ በፊት የተናገረው ምን እንዳለ ጠይቁት። አያውቅም። የራሱን ዓረፍተ ነገር በልቡ ሲያሰናዳ ነበራ። ቀጥሎ ደግሞ አለቃው ፈቃድ የወጣ ሳምንት ስታንድአፑ ይካሄድ እንደሆነ ጠይቁ። «እሳቸው ስለሌሉ ዛሬ ይቅር» ከተባለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ምክንያት፦ ስብሰባው የማን እንደሆነ ተረስቷል

ስታንድአፕ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች እርስ በርስ ተነጋግረው የዕለቱን እቅድ የሚያስተካክሉበት 15 ደቂቃ ነው። ኬን ሽዌበር እና ጄፍ ሰዘርላንድ የስክረም መመሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያሻሽሉ «ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አገደህ» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ጭራሽ አወጧቸው። ይኸው እስከ ዛሬ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬቱን ሊንክድኢን ላይ የለጠፈ ሁሉ እንደ ዳዊት ያስደግማቸዋል።

አንድ ቡድን ጋ ስደርስ ሁሉም ቆሟል፤ የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ማኪያቷቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ ስድስት ቀን ሙሉ «ብሎከር የለኝም» ሲል ሰማሁት። ቲኬቱ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የተያዘው ሥራው፣ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ምሳ ላይ ለብቻው ጠየቅኩት። የቴስት ሰርቨሩ ፓስወርድ የለውም። ፓስወርዱ ያለው ማን ጋ ነው? ከጎኑ የምትቀመጠው ልጅ ጋ! «ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «እሳቸው ፊት አቅቶኛል ልበል?» አለኝ። ልጁ ላይ አልፈረድኩም። አለቃ ፊት «አልቻልኩም» ማለት በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው ቀላል የሆነው?

ጥገናው ኃላፊውን ከስብሰባው ማስወጣት ነበር። እንዴት እንደተባለ ግን ወሳኝ ነው። ቢሯቸው ገባሁና «ለሁለት ሳምንት ጠዋትዎን ልመልስልዎ፤ ያለበትን ሁኔታ ሐሙስ ሐሙስ በግማሽ ገጽ እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ቅር እያላቸው እሺ አሉ። በሦስተኛው ቀን ልጁ «ኧረ ይሄን ፓስወርድ ማን ነው የያዘው?» አለ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ቡድኑ ፊት እንዳትናገሩ። አለቃውን ታሳፍራላችሁ፣ በማግስቱ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «እሺ፣ በዙም ካሜራ ዘግቼ ብቻ እሰማለሁ» ካሉ አትቀበሉ። የማይታይ አለቃ ከሚታየው የባሰ ያስፈራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቃል የገባችሁትን ግማሽ ገጽ አንድ ሐሙስ እንኳ እንዳታሳልፉ። ያመለጣችሁ ዕለት ጥገናው ፈረሰ።

አለቃው ወጥተውም ሪፖርቱ ካልቆመ ራሳችሁን ተመልከቱ። እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ሌላ ቡድን ጋ ኃላፊ የሚባል ሰው በክፍሉ የለም፣ ሰዉ ግን አሁንም እንደ ምስክር ይናገራል። ሳምንት ሙሉ ግራ ገባኝ። በኋላ ሳየው ለካ ችግሩ እኔው ነኝ። ቦርዱ አጠገብ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሁሉም እስክሪብቶዬን ነው የሚያየው። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ከኋላ መቆም ጀመርኩ። የሚናገረው ሰው ዓይኔን ሲፈልግ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ነውር ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ቦርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ማውስም በየቀኑ ለሌላ ሰው ስጡ።

ከዚያ የአነጋገሩን ቅደም ተከተል ቀይሩ። በሰው ተራ መሄድ ይቅር። ቦርዱን ከቀኝ ጀምራችሁ ወደ ግራ ሂዱ፤ ማለትም ለማለቅ ከቀረበው ቲኬት። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ይሄ ዛሬ እንዲያልቅ ምን ጎደለው?» ኮድ ሪቪው (ኮዱን ሌላ ሰው ማየቱ) ከጎደለው አንዱ «እኔ አየዋለሁ» ይላል። አለቀ፣ ወደሚቀጥለው። ሦስት ቀን ያልተንቀሳቀሰ ቲኬት ላይ ቀይ ምልክት አድርጉ። ሰውዬው ላይ አይደለም፣ ቲኬቱ ላይ! ዕለቱን የሚናገረው የሌለው ሰው ዝም ይበል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ያለው ሰው ይጨንቀዋል፣ ይለምደዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካልተደማመጡ ብልሽቱ ያለው ፕላኒንጉ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ የማይገናኝ ሥራ ከያዘ የጎረቤቱን የሚሰማበት ምን ምክንያት አለው? «23 ቲኬት መጨረስ» የስፕሪንት (የአንዱ የሥራ ዙር) ግብ አይደለም። «ደንበኛው በስልኩ ከፍሎ ደረሰኝ ይደርሰዋል» ግብ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ቦርዱ አናት ላይ ከሌለ ስታንድአፑን ለመጠገን አትድከሙ።

ምልክት፦ 15 ደቂቃው 40 ይሆናል

ሁለት ሰው ስለ ዳታቤዝ ሲከራከር ሰባቱ ስልክ ይነካካል። «ሁለታችሁ ስንጨርስ ቆዩ» በሉ። ሲጨርሱ ማለት ወዲያው፣ እዚያው ነው። «ከሰዓት እናወራለን» ከተባለ አይወራም። መቆም ለብቻው መድኃኒት የሚመስላቸው አሉ። ቆማችሁ 40 ደቂቃ ካወራችሁ የሚደክመው እግራችሁ ነው።

ምልክት፦ የሚያረፍድ አይጠፋም

የማርፈጃ ቅጣት አታስገቡ። ያረፈደ ለሁሉም ማኪያቶ ይግዛ የተባለበት ቡድን አይቻለሁ። ሰዉ እየከፈለ በኩራት ማርፈድ ጀመረ። በሰዓቱ ጀምሩ፣ ለመጣው አትድገሙለት።

ምልክት፦ ሪቪው ላይ ስላይድ ይታያል

ስላይዱን ዝጉና የሚሠራውን ሶፍትዌር ክፈቱ። የሚከፈት ከሌለ ያንኑ ተናገሩ።

ምልክት፦ ሪትሮ ላይ «ሁሉም ጥሩ ነው»

ይሉኝታ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ ያደገ ሰው «ምን እናሻሽል?» ስላላችሁት ብቻ አይከፍትላችሁም። ቢናገርም በሰምና ወርቅ ነው፤ «ጊዜው ትንሽ አጠረ» ማለት «ቀኑን ሳታማክሩን ለደንበኛው ቃል ገባችሁብን» ማለት ነው። አምስት ደቂቃ በዝምታ ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ወረቀቱን በውዙት፣ አንዱ የሌላውን ያንብብ። ከወጣው ውስጥ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ቀጣዩ ስፕሪንት ውስጥ እንደ ቲኬት አስገቡት። 12 ነጥብ ጽፋችሁ አንዱንም ካልነካችሁ በሦስተኛው ሪትሮ ማንም እውነት አይነግራችሁም።

ምልክት፦ በዓመት ሁለቴ ግማሹ ሰው በተሳሳተ ሰዓት ይገባል

ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ባልደረባ ካላችሁ ይህ ይደርስባችኋል። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። ካላንደሩ በነሱ ሰዓት ከተያዘ 10 ሰዓት የነበረው ስብሰባ በድንገት 11 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ግብዣውን በአዲስ አበባ ሰዓት ያዙት። በቴሌግራም ስታስታውሱም «3 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ውጭ አገር ያደገ አንድ ልጅ ጠዋቱን ሙሉ ጠፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብቻውን ሊንኩ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀን ነበር። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 9:00» ብላችሁ ጻፉለት።