ያረጀ አፓርታማ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው (ለዲሲ ተከራዮች)

ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ያረጁ አፓርታማዎች ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ብዙ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ አብዛኞቻችን ኦፊስ ደውለን እንናገራለን፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ችግሩ ከምን እንደመጣ ለይቶ በጽሑፍ ማሳወቅ ግን በጣም ይሻላል። እንዲህ ያደረገን ተከራይ «እናየዋለን» ብሎ መሸኘት ይከብዳል።

ቤቱ አይሞቅም

መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። እነሱም በርዷቸው ከሆነ ችግሩ ከሕንፃው ዋና ማሞቂያ (ቦይለር) ሳይሆን አይቀርም። የበረዳችሁ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ራዲየተሩን እዩት። በአንድ ቧንቧ፣ በእንፋሎት የሚሠራው የድሮው ዓይነት ጎኑ ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ አለው። ቧንቧው እየፈጀ ራዲየተሩ ከቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ መተንፈሻው ተደፍኖ ነው። አየሩ ካልወጣ እንፋሎቱ አይገባም። መተንፈሻውን መቀየር ለሜንቴናንስ ቀላል ሥራ ነው። እንፋሎት ስለሚያቃጥል ግን ራሳችሁ አትፍቱት።

ራዲየተሩ ሌሊት እንደ መዶሻ የሚንኳኳ ከሆነ ውስጡ ውሃ ተጠራቅሟል። ከታች ያለው ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ግማሽ ላይ ሲቆም ውሃው መመለሻ ያጣል። በዚህም ካልተወው ራዲየተሩ ወደ ቫልቩ በኩል ትንሽ ዘንበል ማለቱን አይታችሁ፣ ካላለ እንዲስተካከል ጠይቁ።

ሙቀቱን የሚሰጠው አከራዩ ከሆነ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 1 ቤቱ ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት መሆን አለበት። በአሜሪካ ሰዓት ከማታ 11 እስከ ጠዋት 6፡30 ደግሞ 65። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዙ። ክፍሉ መሐል አስቀምጡትና ቁጥሩን ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱ። ጋዝ ምድጃ ከፍቶ ቤት ማሞቅ ግን በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። እባካችሁ አታድርጉት።

ግድግዳው ሻግቷል

«ምግብ ስለምታበዙ፣ መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» መባሉ የተለመደ ነው። አንዳንዴ እውነት አለው፤ እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ሲሠራ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል። ለመለየት ከሻጋታው አጠገብ ንጹሕ ግድግዳ ላይ ፎይል ዙሪያውን በቴፕ ለጥፉና ለሁለት ቀን ተዉት። የፎይሉ ፊት ከረጠበ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር ነው፤ አየር ማስወጫውን ተጠቀሙ፣ ካልሠራ እንዲጠገን ጻፉ። ጀርባው ከረጠበ ግን የመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፣ ያ የአከራዩ ሥራ ነው። ፍሳሹ ሳይጠገን ላዩን ቀለም ቢቀቡት ሻጋታው ይመለሳል።

በዲሲ ሕግ አከራዩ ስለ ሻጋታው በጽሑፍ ከተነገረው በ7 ቀን ውስጥ ማየት፣ ካየ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማስወገድ አለበት።

ቀለም ይላላጣል፣ ሶኬት ይግላል፣ በረሮ አላልቅ አለ

ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የሚላላጥ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አትፋቁት። ትንሽ ልጅ ካለ ሐኪሙን የደም ምርመራ ጠይቁ። የሚግል ወይም የተቃጠለ ሽታ ያለው ሶኬት የዚያኑ ቀን ብሬከሩ ይጥፋ። በረሮ ደግሞ የሚመጣው በብዛት ከሲንኩ ሥር ቧንቧው በሚያልፍበት ክፍተት ነው። ክፍተቱ ካልተደፈነና ጎረቤት ቤቶችም አብረው ካልታከሙ መድኃኒት መርጨት ብቻውን ልፋት ነው።

ኦፊሱ ዝም ካለ

ስልኩን ተዉትና ኢሜይል ላኩ፣ ቀንና ፎቶ ይኑረው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ካልሰሙ ዲፓርትመንት ኦፍ ቢልዲንግስ (የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ኢንስፔክተር እንዲልክ ጠይቁ። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣሉ፣ አማርኛም አለ። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

ኪራይ በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ፣ ማስወጣት ሊከተል ይችላል። መጀመሪያ ለተከራዮች መብት የቆመውን የከተማውን መሥሪያ ቤት፣ ኦፊስ ኦፍ ዘ ቴናንት አድቮኬትን አማክሩ፣ ምክሩ በነፃ ነው። የዲሲ ሱፔሪየር ኮርትም ጥገናን ብቻ የሚያይ ችሎት አለው። «አቤት ካልኩ ያስወጡኛል» ብላችሁ አትፍሩ። ካመለከታችሁ በ6 ወር ውስጥ አከራዩ ላስወጣችሁ ወይም ኪራይ ልጨምር ቢል፣ ሕጉ እንደ በቀል ይቆጥረዋል፤ በቀል አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።