ባለ ሁለት እግሩ ሮቦት ከመምጣቱ በፊት መጋዘኑን እንዲህ አዘጋጁት

የመጋዘን ሥራ የጀመርኩት በጫኝነት ነው፤ ዛሬ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከዚያ ዘመን የቀረልኝ ቅርስ የወገብ ሕመም ነው። ስለዚህ ሳጥን የሚያነሣ፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሮቦት ሊመጣልን ነው ሲባል ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ በላይ የተናደድኩትም እኔው ነኝ። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንደ አዲስ ሠራተኛ ቦታውን አሳይተን የምንተወው መስሎን ነበር። ሰው ግን የመጋዘኑን ጉድለት በየቀኑ ሳይናገር እየሸፈነ ነው የሚሠራው፤ የተጣመመውን ሳጥን ያቃናል፣ መሬት ላይ የወደቀውን ላስቲክ በእግሩ ገፋ ያደርጋል፣ የደበዘዘውን ባርኮድ አተኩሮ ያነባል። ሮቦቱ አንዱንም አይሸፍንላችሁም። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ጉድለት ሮቦቱ ሳይመጣ በፊት እንዴት ፈልጋችሁ እንደምትደፍኑት ነው።

ሥራውን ከሮቦቱ በፊት ምረጡ

ሁለት ማሽኖች የሚገናኙበትን፣ በመካከላቸውም አንድ ሰው ቆሞ ሳጥን ብቻ የሚያቀባብልበትን ቦታ ፈልጉ። ባለ ጎማው ተሸካሚ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል፤ ማጓጓዣ ቀበቶው በሌላ በኩል ይጠብቃል፤ የሰውየው ሥራ ከአንዱ አንሥቶ በሌላው ላይ ማስቀመጥ ነው። አጂሊቲ ሮቦቲክስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዲጂት የተባለው ባለ ሁለት እግር ሮቦት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ጂኤክስኦ የተባለው የሎጂስቲክስ ኩባንያ በሚያስተዳድረው መጋዘን ከሙከራ አልፎ በውል ሥራ የጀመረው ልክ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው። አማዞንም በ2023 ሲሞክረው ባዶ የፕላስቲክ ሳጥኖችን እንዲያነሣ ነበር ያደረገው። አሰልቺና ተደጋጋሚ ሥራ መምረጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

መንገዱ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ቀኑን ሙሉ ዕቃ የማይቋረጥበት ከሆነ ግን ቀበቶ ዘርጉ። ዕቃውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ማድረስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማ ከእግር ይሻላል። እግር የሚያዋጣው ቦታው ለሰው አካል ተብሎ የተሠራ ሲሆን ነው፤ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከጉልበት በታች ያለ መደርደሪያ፣ ደረት ድረስ ከፍ ያለ ቀበቶ ባለበት። የዲጂት እግር እንደ ወፍ ወደ ኋላ መታጠፉ ብዙዎችን ያስቃል። መደርደሪያ ፊት ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ከብረቱ ጋር አይጋጭም። እንዲህ ያለ ጉልበት ቢኖረኝ ኖሮ ስንት ቁስል በተረፈኝ ነበር።

ቦታውን ስትመርጡ ወንበር ይዛችሁ ሂዱና አንድ ሙሉ ፈረቃ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል ሠራተኛው ያነሣቸውን ሳጥኖች ቁጠሩ። በሌላው በኩል ማንሣት፣ መሸከምና ማስቀመጥ ያልሆነውን ድርጊቱን ሁሉ ጻፉ፤ ክዳን መጫን፣ ተጣብቀው የመጡ ባዶ ሳጥኖችን ማላቀቅ፣ ከተሸካሚው ጫፍ ያፈነገጠውን ወደ ቦታው መግፋት። የእኛ ሁለተኛ ዓምድ ገጽ ተኩል ሞላ። ያ ገጽ ተኩል የዝግጅት ሥራችሁ ዝርዝር ነው።

ሳጥኑና ወለሉ

ዲጂት እስከ 16 ኪሎ ግራም ያነሣል፤ አፕትሮኒክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሌላው ባለ ሁለት እግር ሮቦት አፖሎ እስከ 25። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለሰው በተመቻቸ ሁኔታ የሚመክረው ከፍተኛው የማንሻ ክብደት 23 ኪሎ ግራም ነው፤ ስለዚህ ሮቦት ሲባል ጡንቻማ ፍጡር አትጠብቁ። ለእኛ ያስቸገረን ግን ክብደቱ ሳይሆን ሚዛኑ ነበር። በአንድ ጎኑ ጠርሙስ፣ በሌላው ጎኑ ባዶ የሆነ ሳጥን 9 ኪሎ ግራም ብቻ ቢሆንም ሮቦቱን ያንገዳግደዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሳጥኑን ግራና ቀኙን በሁለት መዳፋችሁ ብቻ ይዛችሁ አንሡት። ካጋደለባችሁ ሮቦቱንም ያስቸግረዋል። መፍትሔው ያለው ዕቃ የሚያሽጉት ሠራተኞች ዘንድ ነው፤ ከባዱን መሐል እንዲያደርጉ ንገሯቸው። የተሰነጠቁና የተወላገዱ ሳጥኖችን ያለ ርኅራኄ አስወግዱ። የሳጥን ዓይነታችሁ ከሦስት የሚበልጥ ከሆነ በአንዱ ጀምሩ።

ወለሉን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ቢቻል በስስ ጫማ። የወለል መጋጠሚያ ስንጥቅ፣ ከፓሌት (ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) የወጣ ስንጥር፣ የዘይት ጠብታ ሁሉ በእግራችሁ ሥር ይታወቃችኋል። የከፋው ጠላት ፓሌት የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ነው። እኛን የመጀመሪያው ቀን ያሳፈረን የክንድ ያህል ቁራጭ ነበር። አሁን በየፈረቃው መጀመሪያ መንገዱ ይጠረጋል፤ የጠረገውም ሰው ይፈርማል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በዓይን አይታዩም። አንደኛው ብርሃን ነው። ጥልቀት የሚለኩ ካሜራዎች ብዙዎቹ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን በማይታይ ብርሃን፣ ስለሚሠሩ ቀጥተኛ ፀሐይ ያጥበረብራቸዋል። የእኛ ሮቦት ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ሲወላውል ለቀናት ሶፍትዌሩን ስንወቅስ ቆየን፤ ጥፋተኛው በመጫኛው በር የሚገባው የምዕራብ ፀሐይ ሆኖ ተገኘ። መጋረጃ ሰቀልን፣ ነገሩም አለቀ። ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። ሽፋኑን መጋዘኑ ባዶ ሳለ ከለካችሁ ልኬቱ ይዋሻችኋል። ብረት መደርደሪያ ሞገዱን ይመልሳል፣ ውኃ ያለበት ዕቃ ደግሞ ይውጠዋል፤ ስለዚህ መደርደሪያው ጢም ብሎ በሞላበት ቀን፣ ሮቦቱ የሚሄድበትን መንገድ ሙሉ በሙሉ እየተራመዳችሁ ለኩ።

መውደቁን አቅዱ

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። በጎማ የሚሄድ ማሽን ላይ ቀዩን ቁልፍ ብትጫኑ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ማሽኑም ባለበት ይቆማል። ባለ ሁለት እግር ሮቦት ግን ቆሞ የምታዩት በየቅጽበቱ ሚዛኑን እያስተካከለ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ኃይሉ ከተቋረጠ እንደ ጆንያ ይዘረራል። አይኢሲ 60204-1 የተባለው የማሽኖች የኤሌክትሪክ ደህንነት ደረጃ የማቆሚያ ምድቦችን ይለያል፤ ምድብ 0 ኃይሉን ወዲያው መቁረጥ ነው፣ ምድብ 1 ግን እንቅስቃሴውን በሥርዓት አስቁሞ ኃይሉን ከዚያ በኋላ መቁረጥ ነው። አቅራቢያችሁን ጠይቁት። የአጥሩ በር ሲከፈት የትኛው ይሠራል? ቀዩ ቁልፍ ሲጫንስ? ባትሪው በድንገት ቢሞትስ? መልሱን በወረቀት አትቀበሉ፤ ሳጥን አስይዞ ፊታችሁ ያሳያችሁ።

ሰውና ሮቦት በአንድ ወለል ላይ ትከሻ ለትከሻ ይሠራሉ የሚለውን ማስታወቂያ ለጊዜው እርሱት፤ አጥር ሥሩ። ዲጂት ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሳጥን ይዞ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት ቢወድቅ ከሁለት ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ መንገዱ ከአጥሩ ቢያንስ ያን ያህል ይራቅ፤ ቦታ ከሌላችሁ አጥሩ ክብደቱን የሚቋቋም ይሁን።

እኛ በመጀመሪያ የዘረጋነው የፕላስቲክ ሰንሰለት ነበር፤ የኔ ውሳኔ ነበር፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። አንድ ሌሊት ሮቦቱ ሲንገዳገድ በአቅራቢያው የነበረ ወጣት ሰንሰለቱን ተሻግሮ ሊደግፈው ሮጠ። ደግ ልብ ነው፤ የሚወድቅ ባልደረባ ያየ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ግን 65 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ወጣቱ በደመ ነፍስ ዘወር ባይል ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት ነበር የምጽፈው። ሳጥኑ እግሩ ላይ አረፈ፤ ደግነቱ የደህንነት ጫማ አድርጎ ነበር። በማግሥቱ የብረት አጥር ታዘዘ፣ በሩም ላይ በትልቁ «ሲወድቅ አትያዙት» ተብሎ ተጻፈ። ጽሑፉ ብቻ አይበቃም፤ ሠራተኞቹን ሰብስባችሁ አስመስላችሁ አለማምዷቸው፤ ሰው የሚወድቅን ነገር አለመያዝን ሊማር ይገባዋል።

ከወደቀ በኋላስ ማን ያነሣዋል? ባለ ጎማ ማንሻ አዘጋጁ፤ የአጥሩም በር ማንሻውን የሚያስገባ ስፋት ይኑረው። እኛ ማንሻውን ከገዛን በኋላ በሩ በአራት ጣት ጠቦ አገኘነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስሌቱ

ሮቦቱ አንድ ሳጥን አንሥቶ፣ አስቀምጦ እስኪመለስ 25 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 144 ሳጥን ይሆናል። ይህን ከዕለቱ አማካይ ጋር ካነጻጸራችሁ ትሳሳታላችሁ፤ የምታነጻጽሩት ሥራ ከሚበዛበት ሩብ ሰዓት ጋር ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት 50 ሳጥን የሚመጣ ከሆነ ሮቦቱ 36 ብቻ ያነሣል፤ 14ቱ የሚጠብቁበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ ሮቦት ይልቅ ሁለት ሜትር ተጨማሪ ቀበቶ ይበቃል። ባትሪውንም አትርሱ። የአፖሎ አንድ ባትሪ አራት ሰዓት ያህል እንደሚሠራ ኩባንያው ይገልጻል፤ የስምንት ሰዓት ፈረቃ ካላችሁ ባትሪ የሚቀየርበትን ወይም የሚሞላበትን ሰዓት ከሠራተኞች የምሳ ሰዓት ጋር አገናኙት።

በቦታው ላይ የነበረው ሰው

ወሬውን ከሌላ ሰው ሳይሰማ እናንተ ንገሩት፤ ወዴት እንደሚዛወርም በዚያው ቀን ንገሩት። እኛ ለዓመታት ሳጥን ሲያቀባብሉ የኖሩትን አንድ አዛውንት የሮቦቱ ተቆጣጣሪ አደረግናቸው። በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ያላየውን አዩ፤ ባለ ጎማው ተሸካሚ ሲሞላ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይቆም ነበር። «እኔ በወገቤ ሳስተካክለው ነው የኖርኩት» አሉን።

የተቆጣጣሪው ዋና መሣሪያ ደብተር ነው። ሰው ወደ አጥሩ በገባ ቁጥር ሰዓቱ፣ ምክንያቱና የፈጀው ደቂቃ ይጻፋል። በየሳምንቱ መጨረሻ ምክንያቶቹን ደርድሩና ከላይ ያለውን አንዱን ብቻ አስተካክሉ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብትነካኩ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ሁለተኛ ሮቦት ስለማዘዝ የምትነጋገሩት አምስት ፈረቃ በተከታታይ ሰው ወደ አጥሩ የገባው ለባትሪና ለጠረጋ ብቻ ሲሆን ነው። አዛውንቱ ደብተሩን በየማለዳው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡታል፤ ባዶ መስመር ሲበዛበት ቡና የምጋብዛቸው እኔ ነኝ፣ ሲሞላ እሳቸው ምንም ሳይሉ ወደ ተሸካሚው ይጠቁሙኛል።