የማይጥም ድፍርስ ሳይደር እንዴት ይቀመሳል?

በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ሱመርሴትና ዴቨን አካባቢ፣ ሳይደር የሚባል ከፖም የሚጠመቅ ድፍርስ የአልኮል መጠጥ አለ። ስክራምፒ ይሉታል። ጣፋጩንና ጋዝ ያለውን የፋብሪካ ሳይደር የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲቀምሰው ፊቱን ያጨማድዳል። አብዛኛውን ጊዜ መጠጡ ምንም አልሆነም፤ ጠባዩ ነው። አንዳንዴ ግን የምር ተበላሽቷል። ሁለቱን ሳይለዩ «አልወደድኩትም» ማለት ችኮላ ነው።

ትንሽ ቅዱ። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው። ጋዝ ስለሌለው ጉሮሮ ላይ አይከብድም፤ የሚከብደው ራስ ላይ ነው። ልዩ ብርጭቆ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል፤ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን። በረዶ ከጨመራችሁበት ሽታው ይጠፋል፣ ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

ድፍርስነቱን እርሱት። ያልተጣራ እርሾና ፔክቲን የሚባለው የፖሙ ንጥረ ነገር ነው። ሲቀዳ እንደ ዘይት ከተዝለገለገ ግን ባክቴሪያ ገብቶበታል።

ቀጥሎ ብርጭቆውን አዙራችሁ አሽትቱ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ትንሽ ጠብቁት፤ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ተዉት። ኮምጣጤ ከሆነ አየር አግኝቶታል ማለት ነው። እዚህ ላይ መጠኑ ይወስናል። በስፔኗ አስቱሪያስ ትንሽ የኮምጣጤ ጠረን እንደ ነውር አይታይም። የጋጣ ሽታውንም ቢሆን ፈልገው የሚጠጡት አሉ። እኔ አልወድም፤ ብልሽት ነው ግን አልልም።

አሁን ጎንጨት አድርጉና አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። ምላስና ድድን የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው የፖሙ ንጥረ ነገር ነው። እንደ ዳቢኔት ያሉት የሳይደር ፖሞች የሚተከሉትም ለዚሁ ነው። በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረዱ፤ ሦስተኛው ላይ ምላስ ይለምደዋል።

ከዋጣችሁ በኋላ ብርጭቆውን አስቀምጡና ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። «አይጥ» የሚባል ብልሽት አለ። የአይጥ ጎጆ የሚመስል ጣዕም ሲሆን ባክቴሪያ ወይም እርሾ ያመጣዋል። አስቸጋሪነቱ ብርጭቆው ውስጥ ስታሸቱት አለመገኘቱ ነው። የሳይደሩ አሲድ አፍኖ ይይዘዋል። ምራቅ አሲዱን ሲያለዝበው ነው ብቅ የሚለው፤ ያኔ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ቶሎ ቶሎ የሚጎነጭ ሰው ብርጭቆው ካለቀ በኋላ ነው የሚነቃው።

ለመፈተን አንድ ጠብታ እጃችሁ ላይ አሹና አሽትቱ። ቆዳ የአሲዱን ኃይል ስለሚቀንስ ሽታው ይወጣል። ይህን ጣዕም ጨርሶ የማይለዩ ሰዎችም ስላሉ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አስቀምሱት። «ምንም የለውም» ቢላችሁ ተሳስታችኋል ማለት አይደለም።

ብልሽት ካላገኛችሁበት ግን አሁንም ካልጣማችሁ፣ ከቼዳር አይብ ጋር ሞክሩት። ስቡ ድርቀቱን ያለዝበዋል። ጣፋጩን ሳይደር ቀላቅሉልኝ ማለትም ነውር የለውም፤ ጠማቂዎቹ ራሳቸው ያደርጉታል። ይህም ካልሠራ ተዉት። ለሻጩ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትዋሹ፤ ጎመዘዘኝ ወይም አፌን አደረቀኝ ብትሉት የሚስማማችሁን ሌላ በርሜል ያውቃል።

በትንሹ የኮመጠጠውን ሳይደር የአሳማ ሥጋ ወጥ ውስጥ ጨምሩት። አይጥ ያለበት መድኃኒት የለውም፤ ድፉት።