ማስመሰልን በእንግሊዝኛ ስንገልጽ የትኛው ግሥ ከየትኛው ቃል ጋር ይሄዳል?

በአማርኛ «አስመሰለ» የሚለው አንድ ግሥ የውሸት ሕመምንም፣ የውሸት ፈገግታንም፣ ሐኪም ነኝ ብሎ ማታለልንም ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ግሡን የሚመርጠው የሚመሰለውን ነገር አይቶ ስለሆነ፣ «አስመሰለ» ለማለት ቀድሞ የሚመጣውን «ፕሪቴንድ»ን በየቦታው የሚያስገባ ተማሪ ንግግሩ ቢገባም ለጆሮ ይጎረብጣል።

ስሕተት የሚበዛው በዚሁ በ«ፕሪቴንድ» ላይ ነውና በቅድሚያ አገባቡን ማጥራት ይገባል። የተኛ ለመሰለ ሰው «ሂ ፕሪቴንድድ ቱ ቢ አስሊፕ» ይባላል እንጂ «ፕሪቴንድድ ስሊፒንግ» አይባልም። «እንዳላየኝ ሆኖ አለፈ» ለማለት ስንፈልግ ደግሞ «ኖት» ከ«ቱ» በፊት ትገባና «ሂ ፕሪቴንድድ ኖት ቱ ሲ ሚ» እንላለን። አሉታውን ወደ ፊት አምጥተን «ሂ ዲድንት ፕሪቴንድ ቱ ሲ ሚ» ካልን ግን ነገሩ ይገለበጥና «ያየኝ ለመምሰል አልሞከረም» ማለት ይሆናል። «እንደ» የምትለው የአማርኛ ቃል አሳስታን «ፕሪቴንድ አዝ ኢፍ» የምንልበትም ጊዜ አለ፤ «አዝ ኢፍ» የሚስማማው ከ«አክት» ጋር ነው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ለሆነች ሴት «ሺ አክትድ አዝ ኢፍ ናቲንግ ሃድ ሃፕንድ» ይባላል።

«ፌይን»ም ማስመሰል ነው፤ ግን የጽሑፍ ቃል ነው። በፊደሉ ውስጥ ያለችው «ጂ» አትነበብም፤ አለማወቅን፣ መገረምንና ሕመምን አስከትሎ «ፌይን ኢግኖራንስ»፣ «ፌይን ሰርፕራይዝ»፣ «ፌይን ኢልነስ» ይላል። ከጓደኛ ጋር በሚደረግ ጨዋታ ላይ ብንጠቀምበት ግን መግለጫ የምናነብ ያስመስለናል፤ እዚያ «ፌክ» ይሻላል፤ ለውሸት ፈገግታ «ፌክ ኤ ስማይል»፣ ለውሸት ጉዳት «ፌክ አን ኢንጀሪ» የተለመዱ ናቸው።

«ፕሌይ» ያለ «ቱ ቢ» በቀጥታ ቅጽል ይከተለዋል፤ የሞተ ለመምሰል «ፕሌይ ዴድ»፣ ነገሩ ያልገባው ለመምሰል «ፕሌይ ዳምብ» ይባላል።

ልብስ ለመልበስ የምናውቀው «ፑት ኦን» ፊትንም ያለብሳል። «ፑት ኦን ኤ ብሬቭ ፌስ» ፍርሃትን ወይም ሐዘንን ዋጥ አድርጎ ብርቱ መስሎ መታየት ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ ነቀፋ ስለሌለበት እኔ በተለይ እወደዋለሁ። የራስ ያልሆነ አነጋገር መያዝም «ፑት ኦን አን አክሰንት» ነው።

ማታለሉ ሲከፋ ግሡም ይለወጣል። ሐኪም ነኝ ብሎ ለሚቀርብ ሰው «ፖዝ አዝ ኤ ዶክተር»፣ ፖሊስ መስሎ ለሚንቀሳቀስ «ኢምፐርሶኔት ኤ ፖሊስ ኦፊሰር» ይባላል፤ የኋለኛው በሕግ ቋንቋም የሚሠራበት ነው። በማጭበርበር የተገኘ ገንዘብ «አንደር ፎልስ ፕሪቴንስስ» ተገኘ ሲባል፣ መስተዋድዱ በተለመደው አነጋገር «አንደር» መሆኑን (በሕግ ቋንቋ «ባይ»ም ይባላል)፣ ስሙም በብዙ ቁጥር መምጣቱን አብሮ ማጥናት ያስፈልጋል። ማስመሰሉን ለሚቀጥል «ኪፕ አፕ ዘ ፕሪቴንስ»፣ ለሚተወው ደግሞ «ድሮፕ ዘ ፕሪቴንስ» ይባላል።