የበረንዳ ብረት ከላይ ነው፦ ቤት ሲሠራ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ሊሞላ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ደረስኩ። ሚክሰሩ ተነስቷል፣ ልጆቹም ተሰልፈዋል። በረንዳው ላይ ወጥቼ ሳይ ዋናው ፌሮ፣ ማለትም ብረቱ፣ ከታች ተነጥፏል። ሥራውን አስቆምኩ።

«ኢንጂነር፣ የሳሎኑም እኮ ከታች ነው» አለኝ ፌራዮው፣ ብረት አሳሪው።

እውነቱን ነው፣ የሳሎኑ ከታች ነው። ስህተቱ የሚወለደውም ከዚሁ ነው።

ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ነው። ሲሳብ ግን አቅሙ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ብረት የምናስገባው የሚሳበውን በኩል እንዲይዝልን ነው። ግራና ቀኙ የተደገፈ ሶሌታ መሀሉ ሲረግብ ሆዱ ይሳባል፤ ስለዚህ ብረቱ ከታች ይሆናል። ከቤቱ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ግን የሚረግበው ጫፉ ነው። ያኔ የሚሳበው ጀርባው ነው። ብረቱ ከላይ መሆን አለበት፣ ያውም ወደ ቤቱ ሶሌታ ረዘም ብሎ ገብቶ።

ፌራዮውን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አሳየሁት። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመርኩ። ግማሹን ጣውላ ላይ በመዳፌ ይዤ የወጣውን ጫፍ ወደ ታች ገፋሁት። መስመሮቹ ከላይ ተራራቁ፣ ከታች ተጠጋጉ። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ፒንሳውን አንስቶ ብረቱን ራሱ መፍታት ጀመረ።

ከላይ መታሰሩ ብቻ አይበቃም። ኮንክሪት የሚያመላልሱት ልጆች ይረግጡታል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በረንዳ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የነበረ ብረት ተረግጦ ወደ 7 ቢወርድ፣ የመሸከም አቅሙ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ምንም አይታይም።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ፣ ጠዋት ብረቱን አይቼ ወደ ሌላ ሳይት ሄድኩ። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ከሥር የተሸከመው ድጋፍ ሲነሳ ከግድግዳው ሥር፣ ከላይ በኩል፣ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ወጣ። አፍርሰን እንደገና ሠራነው። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት ለዓመታት በዕቁብ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ ከፌሮ የታጠፈ መደገፊያ ከብረቱ ሥር አስገቡ። ለልጆቹ መረማመጃ ጣውላ አንጥፉላቸው። ተሞልቶ እስኪያልቅም ከቦታው አትነቃነቁ።

ባለቤቶች ደግሞ «ትንሽ ወጣ ብናደርገውስ?» ይላሉ። 1 ሜትሩ 1.5 ሜትር ሲሆን ክብደቱ በግማሽ ይጨምራል፣ ክንዱም፣ ማለትም ክብደቱ ከግድግዳው ያለው ርቀት፣ በግማሽ ይረዝማል። ሁለቱ ሲባዙ ከሥሩ ሊገነጥለው የሚታገለው ኃይል ከ2 እጥፍ በላይ ይሆናል። ፕላን ሳይከለስ ፈጽሞ አይሞከርም።

በረንዳ ጫፍ ላይ ሮቶ አታስቀምጡ። 1,000 ሊትር ውኃ 1 ቶን ነው።

ለመሙላት እንዲቀል ብሎ ኮንክሪቱን በውኃ ማቅጠንም ይቅር። ትርፉ ውኃ ሲደርቅ ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ወደ አቃቂና ኮዬ ፈጬ የምትሠሩ ዋልካውን፣ ያንን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ አትናቁት። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንድ ሰው «ቤቴ ሰመጠ» ብሎ ጠርቶኝ ሄጄ፣ ያገኘሁት ወለሉ መሀሉ ላይ ወደ ላይ ተገፍቶ ነው። ቀላል ቤት ስለሆነ አይነሳም ማለት ስህተት ነው። እንዲያውም አፈሩ በቀላሉ የሚያነሳው ቀላሉን ነው። ዋልካው ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፣ መሠረቱም ጠንካራው መሬት ላይ ይረፍ።

አፈር የሚይዝ ድጋፍ ግንብ ስትሠሩ የውኃ መውጫ ቱቦ አትርሱ። 2 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ ጀርባ ውኃ ከሞላ፣ ውኃው ብቻ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2 ቶን ያህል ይገፋዋል። የአፈሩ ግፊት ሌላ ነው።

የቱሉ ዲምቱው በረንዳ ድጋፍ ገና አልተነሳም። ፌራዮው ትናንት ደውሎ «መቼ እናንሳ?» አለኝ። 28 ቀን ሳይሞላው እንዳይነካ፣ ሲነሳም ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው እንዲኬድ ነገርኩት። የግድግዳው በኩል ቀድሞ ከተነሳ ጫፉ በድጋፍ ላይ ይቀርና ሆዱ ይሳባል። እዚያ ደግሞ በቂ ብረት የለውም።