ከብርዱ ይልቅ ንፋሱን ፍሩ፦ በበረዶው ወራት በመርከብ ወደ ኖርድካፕ ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታላቅ እህቴ ከዋሽንግተን መጥታ አብረን በመርከብ ወደ ሰሜን ኖርዌይ ሄድን። ወሩ ጥር ነበር። ጠዋት ስልኳን አየችና «ከዜሮ በታች 5 ብቻ ነው እኮ! ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በዚህ ይደነግጣል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ውርጭ እናውቃለን። ከዲግሪው ጎን ያለውን ሌላ ቁጥር ግን አላየችውም። ንፋሱ 20 ሜትር በሰከንድ ይላል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ከሚሄድ መኪና መስኮት ፊታችሁን አውጥታችሁ አስቡት። ያ 5 ዲግሪ ገላ ላይ ሲያርፍ ከዜሮ በታች 16 ወይም 17 ያህል ሆኖ ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወዳጆች ይደውሉልኛል። «ምን ልልበስ? የትኛውን ጉብኝት ልያዝ?» ይላሉ። ስለ ንፋስ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። እዚያ ደግሞ ሁሉን የሚወስነው እሱ ነው። መንገዱን ይዘጋል፣ መርከቡን ከወደብ ያስቀራል፣ ሰውን ይጥላል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እሱን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ኖርድካፕ 71 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለ፣ ከባሕሩ በላይ 307 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነው። መርከቦች የሚያቆሙት ሆኒንግስቮግ በምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ገደሉ በአውቶቡስ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ የሚመላለሰው የሁርቲግሩተን የመርከብ መስመር ከበርገን እስከ ሺርኬነስ 34 ወደቦችን ይነካል። ወደ ሰሜን ሲሄድ ሆኒንግስቮግ የሚቆየው ከሦስት ሰዓት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ይህቺን ሦስት ሰዓት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዲግሪውን ብቻ አይቶ መውጣት

በኖርዌይ የአየር ትንበያ ንፋስ የሚለካው በሜትር በሰከንድ ነው። «ዋይ-አር» የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል። አንዱ አማካዩ ነው፣ ሌላው ድንገት የሚመታው ከፍተኛው ነው። ሁለተኛውን እዩ። ሰው የሚወድቀው በአማካዩ አይደለም።

14 ሜትር በሰከንድ ላይ ንፋስን ተቃውሞ መራመድ ያስቸግራል። ከ17 በላይ ትግል ይሆናል። 24.5 ሲደርስ ኖርዌዮች ራሳቸው «ሙሉ ወጀብ» ይሉታል። ልብ በሉ፣ የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ነው። «10 ላይ ቆሜያለሁ፣ 20ንም እችላለሁ» የሚለው ሒሳብ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ የማለዳው ትንበያ እስከ ከሰዓት ላይሠራ ይችላል። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት ጅረት ያን ባሕር የበረዶውን ወራት ሙሉ ወደ በረዶ ሳይለወጥ ያቆየዋል። ከሰሜን ከበረዶው በኩል በጣም ቀዝቃዛ አየር በዚህ በአንጻሩ ሞቅ ባለ ውሃ ላይ ሲያልፍ ትንንሽ ግን ኃይለኛ ወጀቦች ይፈጠራሉ። በሰዓታት ውስጥ ይነሳሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይበተናሉ። ትንንሽ በመሆናቸው ቀድሞ መተንበይ ይከብዳል። ስለዚህ ከመርከብ ከመውረዳችሁ በፊት ትንበያውን እንደገና ክፈቱት።

ጥጥ መልበስ

ይህቺን ስናገር ሆዴ አይችልም፣ ግን ጋቢያችሁን ካቢን ውስጥ ተዉት። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብም በረዶም ጠጥቶ ያስቀራል፣ ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይሰጥም። እህቴ ከኮቷ ሥር ጋቢ ደርባ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ አላባት። ገደሉ ላይ ስንወርድ ያ ላብ ቀዘቀዘና ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ማታ መርከቡ ሲናጥ ጋቢው ተጠቅልሎ ለመተኛት ድንቅ ሆነላት፣ ቦታው እዚያ ነው።

ከገላችሁ ቀጥሎ ስስ የሱፍ ሹራብና ሱሪ ይሁን። በላዩ ወፍራም ሱፍ ድረቡ። ከሁሉ በላይ ንፋስ የማያስገባ ነገር ልበሱ። ወፍራም ሹራብ ብቻውን ንፋስ እንደ ወንፊት ያልፈዋል። ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ጓንት ጣት ጣቱ ከተለየው ይሞቃል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጫማ ማጥበቅም ጉዳት አለው፤ እግር ላይ ደም ካልተዘዋወረ ምንም ካልሲ አያሞቅም። ስልካችሁን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት፣ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይወድቃል።

በረዶ ላይ እንደ አስፋልት መራመድ

ወጀብ በባሕር ዳርቻው ላይ ብዙ ጊዜ ሙቀት ይዞ ይመጣል። ዲግሪው ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ዝናብ በጠጠረው በረዶ ላይ ይወርዳል። ምድሩ የተወለወለ መስታወት ይሆናል። ከዜሮ በታች 15 ከሆነበት ቀን ይልቅ ዜሮ ላይ ነው ሰው የሚሰበረው። ጫማ ሥር የሚታሰር፣ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ ግዙ። ኖርዌይ ውስጥ «ብሮደር» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ እጃችሁን ከኪስ አውጡ። ውስጥ ስትገቡ ግን አውልቁት፣ ንጣፍ ላይ እሱ ራሱ ያንሸራትታል።

በርንም አትናቁ። የመኪናም ሆነ የመርከቡ መውጫ በር በንፋስ ሲመነጨቅ ጣት ይቀጫል። በሁለት እጅ ይዛችሁ ክፈቱ፣ ልጅ ቀድሞ እንዲከፍት አትፍቀዱ። መርከበኞቹ የመርከቡን የላይኛውን ክፍት ወለል ከዘጉም «የሰሜን ብርሃን ልይ» ብላችሁ አትውጡ። ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ያ ባለ ቀለም ብርሃን ከደመና እጅግ ከፍ ብሎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የሚታየው። ሰማዩ በወጀብ ደመና ከተሸፈነ ምንም አታዩም።

ገንዘብ ለመቆጠብ በግል መኪና መሄድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ወደ ኖርድካፕ የሚወስደው መንገድ የመጨረሻዎቹ 13 ኪሎ ሜትሮች በበረዶው ወራት እንደፈለጉ የሚነዳባቸው አይደሉም። ስካርስቮግ መገንጠያ ላይ ኬላ አለ። በተወሰነ ሰዓት በረዶ ጠራጊ መኪና ይመጣል፣ የተሰለፉት ሁሉ በኮንቮይ ይከተሉታል። መመለሻውም እንደዚያው ነው። ኮንቮይ ካመለጣችሁ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ንፋሱ ከበረታ ኮንቮዩ ይሰረዛል፣ መንገዱ ይዘጋል። እናንተ ገደሉ ላይ ሆናችሁ ከተዘጋ ደግሞ እስኪከፈት እዚያው ትቆያላችሁ። ዛፍ የሚባል የለም፣ ሁሉም ነጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ንፋሱ መሬት ላይ ያለውን በረዶ አንስቶ የፊታችሁን መኪና ያጠፋባችኋል።

አሁን ወደዚያች ሦስት ሰዓት እንመለስ። መሄጃ 45 ደቂቃ፣ መመለሻ 45 ደቂቃ፣ የኮንቮይ ጥበቃ ሲጨመርበት የሚተርፈው ትንሽ ነው። በመርከቡ በኩል የተያዘ ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል፣ አውቶቡሱ የት እንዳለ ስለሚያውቅ። ንፋሱ ጉዞውን ካሰረዘውም ገንዘባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በግል ከሄዳችሁ ግን ማንም አይጠብቃችሁም። እኛ በሄድንበት ቀን በርካሽ መኪና የተከራዩ ባልና ሚስት መርከቡ መሰላሉን ሊያነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እየሮጡ ደረሱ። ሚስትየዋ ታለቅስ ነበር።

ቢያመልጣቸውስ? ቀጣዩ ወደብ ሾለፍዮርድ ነው። በባሕር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በየብስ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ዞሮ ነው፣ በመሀል ያለው የተራራ መንገድም በወጀብ ይዘጋል። ያተረፋችሁት ገንዘብ ለዚህ አይበቃም።

በግል መሄድ የግድ ከሆነ ሹፌሩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «በየትኛው ኮንቮይ ወጥተን በየትኛው እንመለሳለን?» ሰዓቱን በትክክል ካልነገራችሁ አትሳፈሩ።

ለፎቶ ብሎ ወደ ጠርዙ መጠጋት

ገደሉ አፋፍ ላይ የብረት ሉል ቆሟል። ሁሉም የሚነሳው እዚያ ነው። አጥር አለው፣ ከአጥሩ አትለፉ። ወደ ሉሉ ስትሄዱ ንፋሱ ከየት እንደሚገፋችሁ እዩ። ወደ ባሕሩ የሚገፋችሁ ከሆነ ፎቶው ይቅር። ድንገት የሚመታው ንፋስ ሲቆም ደግሞ የተደገፋችሁት ግድግዳ እንደተነሳ ያህል ወደፊት ትደፋላችሁ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ደክሟቸው «እኔ ውስጥ ልቀመጥ» ካሉ አትጎትጉቷቸው። እንግዳ መቀበያው ከምድር በታች ይወርዳል። ትንሽ የጸሎት ቤት አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የታይላንድ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን እዚህ መምጣታቸውን የሚያስታውስ ክፍልም አለ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ወጋገን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብዙ አላመለጠውም።

ባዶ ሆድ በማዕበል ላይ

የገና ጾም በትክክል በዚህ ጨለማ ወቅት ይውላል። የምትጾሙ ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ። መርከብ ላይ ወጥቶ መጠየቅ ዘግይቷል። ሆድ ባዶ ሲሆን የባሕር ሕመም ይብሳል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩበት። ክኒኑን ከማዕበሉ በፊት ዋጡ፣ ማስታወክ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ፋርማሲ ጠይቁ። ክፍት ባሕር የሚገጥማችሁ ቦዶንና ሎፎተንን በሚለየው ቬስትፍዮርደን ላይ፣ ከዚያም ከሆኒንግስቮግ በኋላ ነው። ካቢን ስትመርጡ ከታችና ከመሀል ያለው ይሻላል፣ እዚያ መናጡ ይቀንሳል።

ካፒቴኑን መቆጣት

«ከፍዬ እንዴት ወደብ ይዘላል?» የሚል ተሳፋሪ ሁሌ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 «ቫይኪንግ ስካይ» የተባለው መርከብ ከትሮምሶ ወደ ደቡብ ሲመለስ ሁስታድቪካ በሚባለው አስቸጋሪ ባሕር ላይ በወጀብ መሀል ሞተሮቹ ጠፉ። 1,373 ሰዎች ነበሩበት። ንፋሱ ወደ ዓለቱ እየገፋው ነበር። 479 ሰዎች አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ተነሱ፣ መርከቡ በማግስቱ ሞልደ ወደብ ደረሰ። ይህን የሚያውቅ ካፒቴን ወደብ ሲዘል ምክንያት አለው። አስጎብኚውም «ዛሬ አንወጣም» ሲል ክርክር አታንሱበት። ካመነታና ሰው ከተጫነው ነው አደጋ የሚመጣው።

ቪዛና በረራ አጥብቦ መያዝ

መርከቡ በሚደርስበት ቀን በረራ አትያዙ። ቢያንስ አንድ ሌሊት በመሀል አሳድሩ። የሰሜኑ አውሮፕላን ማረፊያዎችም በዚያው ንፋስ ይዘጋሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በሼንገን ቪዛ የምትመጡ ደግሞ የቪዛው የመጨረሻ ቀን ከመመለሻችሁ ቀን ጋር እንዳይገጥም። ወጀብ ካዘገያችሁ ቀኑ ሳያልፍ ወደ ፖሊስ ሂዱ፣ ከአቅም በላይ ለሆነ ምክንያት ቪዛ የሚራዘምበት ሕግ አለ። የመርከቡን የመዘግየት ማስታወቂያ በጽሑፍ ያዙ።

ጉዞው ተሰረዘ ብሎ ካቢን ውስጥ መዋል

ብዙ ሰው ኮንቮዩ ሲሰረዝ አኩርፎ ይተኛል። እኔ ግን ከገደሉ ይልቅ ልቤን የነካው ከወደቡ ብዙ የማይርቅ አንድ ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በ1944 የጀርመን ጦር ከዚያ አገር ሲለቅ ሰሜኑን ሁሉ አቃጥሎ ሄደ፣ ሆኒንግስቮግም ነደደች። ከከተማዋ የቀረው ያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ከስደት የተመለሱ ሰዎች ቤት እስኪሠሩ ድረስ እዚያው ውስጥ ኖሩ። ዳቦም እዚያው ጋገሩ።

እህቴ ይህን ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ተሳለመች። ንፋሱ ከኋላችን ያፏጫል። ስትሄዱ ብሮደራችሁን እሰሩ፣ ዳገቷ ትንሽ ታንሸራትታለች። መርከቡ ከመነሳቱ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ መሰላሉ ጋ ተገኙ።