እረፍት ወጥተው ደክመው እንዳይመለሱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የበጋው እረፍት ሲቃረብ የሁሉም ሰው ወሬ አንድ ነው፤ "ትንሽ ልረፍ፣ አልቻልኩም።" እረፍቱ ያልቅና ያው ሰውዬ "ከእረፍቱ የማርፍበት ሌላ እረፍት በሰጡኝ" ይላል። ቀልድ ቢመስልም እውነቱን ነው። በኔ ግምት ችግሩ ሁልጊዜ የቀናቱ ማነስ አይደለም። የሥራ ጠባያችንን ከልብሳችን ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትተን እንሄዳለን።

"ሁሉንም ጨርሼ ልውጣ" ማለት

ሥራ አያልቅም። በመጨረሻው ሳምንት እስከ እኩለ ሌሊት ሲያመሽ የከረመ ሰው የእረፍቱን መጀመሪያ በራስ ምታትና በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። ጨርሶ ከመውጣት አስረክቦ መውጣት ይሻላል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ተጀምሯል፣ የት ላይ ቆሟል፣ ፋይሉ የት ነው ያለው፣ ለማን ይደወላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን አንድ መስመር አለ፤ "ይሄ ይሄ ጉዳይ እስክመለስ ይቆያል" የሚለው። እሱ ካልተጻፈ ሁሉም ነገር አስቸኳይ ይሆንና ስልክዎ አያርፍም።

ፈቃድን መበጣጠስ

ዛሬ አንድ ቀን፣ በሚቀጥለው ወር ግማሽ ቀን። ዓመቱ ሲያልቅ ፈቃዱም አልቋል፣ ያረፈ ሰው ግን የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ባወጣው ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ፈቃድ 6 የሥራ ቀን ነበር። በ1970 ወደ 3 ሳምንት ሲያሳድገው፣ አሠሪና ሠራተኛ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ፈቃዱ ቢከፋፈልም አንዱ ክፍል ቢያንስ 2 ተከታታይ ሳምንት እንዲሆን አስፍሯል። ያለምክንያት አይደለም። ሐሳብ ከሥራ ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ባይሆንልዎ እንኳ ያለዎትን ቀን ያያይዙት።

"አንዴ ብቻ ልየው"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስልኩ ይነሳል። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ውስጥ አለቃ "ይሄን ነገር ማን ነው የያዘው?" ብሏል። ጥያቄው እርስዎን አይመለከትም። መልስም አልጻፉም። ስልኩን መልሰው ኪስዎ ከተቱ፤ የፈጀው ሰላሳ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ግን ልጅዎ የሚነግርዎትን ግማሹን ብቻ ነው የሚሰሙት። "አባዬ፣ ሰማኸኝ?" ሲል "አዎ" ይላሉ። አልሰሙትም፤ እሱም ያውቃል።

ሳቢነ ዞነንታግ የተባሉ የጀርመን የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ጉዳይ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ ሐሳባቸውን ከሥራ የሚያላቅቁ ሰዎች ድካማቸው ይቀንሳል። አካል ከቢሮ መውጣቱ ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳይ ደግሞ ነገሩን ሕግ አድርጋዋለች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጪ ስልክና ኢሜይል የማይመልስበትን መብት ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መደራደር አለባቸው። እንዲህ ያለ ሕግ ከሌለ በራስ መላ ነው። ግሩፑን ድምፅ ያጥፉበት፣ የሥራ ኢሜይሉን ከስልክ ላይ ያንሱት። የግድ ማየት ካለብዎ ሰዓት ይቁረጡለት፤ ጠዋት አንዴ፣ አለቀ።

ውኃ ዳር ተዘናግቶ መቀመጥ

ይሄኛው እረፍት ከማበላሸትም ያልፋል። የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውኃው ወለል ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ለመተንፈስ እየታገለ ስለሆነ ለመጮኽ አየር የለውም። እጆቹ ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ እንጂ ለጥሪ አይነሱም። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። አሥር አዋቂ ተሰብስቦ ሳለ አደጋ የሚደርሰውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም "እያዩት ነው" ብሎ ስለሚያስብ ማንም አያየውም። ተራ ያውጡ። ተረኛው ስልክ አይዝም፣ ወሬ አይገባም፣ ለሚቀጥለው ሰው "ያንተ ተራ ነው" ብሎ በቃል ሳያስረክብ አይነሳም።

ቤተሰቡ ሲያርፍ አንዷ እንድትሠራ መተው

"ቤተሰቡ ለእረፍት ሄደ" ሲባል ብዙ ጊዜ እናትየዋ የሥራ ቦታ ቀየረች ማለት ነው። ምግቡ፣ እጥበቱ፣ የልጆቹ ልብስ እዚያም አለ፤ ለዚያውም በማታውቀው ኩሽና። ከሁሉ የሚያደክማት ደግሞ ማስታወሱ ነው። መድኃኒቱ ተይዟል ወይ? ቻርጀሩስ? ትንሹ ልጅ የትኛው ጫማው ጠቦታል? ባልየው "ንገሪኝና ላግዝሽ" ይላል። በቅንነት ነው የሚለው። ግን መንገሩም ሥራ ነው፤ ምን እንደጎደለ የሚያስበው ጭንቅላት አሁንም የእሷ ነው።

እገዛውን ይተዉና አንድን ነገር ከነማሰቡ ይረከቡ። ለምሳሌ ቁርስ የእርስዎ ከሆነ ምን እንደሚበላ ማሰቡም፣ መግዛቱም፣ ሳህን ማጠቡም የእርስዎ ነው። ልጆችም ዕድሜያቸው በፈቀደ መጠን የራሳቸውን ሻንጣ ያዘጋጁ። ካልሲ ቢረሱ ዓለም አይፈርስም።

እያንዳንዷን ሰዓት ማጨናነቅ

ጠዋት ጉብኝት፣ ቀን ዋና፣ ማታ ዘመድ ጥየቃ። ይሄ የሥራ ሰሌዳ ነው። በቀን አንድ ነገር ይበቃል። ልጅ "ሰለቸኝ" ሲል ደንግጠው ስክሪን አያቀብሉት። ትንሽ ይነጫነጫል፣ ከዚያ ካርቶን ፈልጎ ቤት መሥራት ይጀምራል።

ፀሐይን መናቅ

አጭር ነው፦ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ፀሐዩ ይበረታል፣ ጥላ ይፈልጉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየ2 ሰዓቱ፣ ከዋና በኋላም ወዲያው ይደገማል። ልጅን "አሁን መጣሁ" ብሎ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ፈጽሞ አይሞከርም። የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊጨምር ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረጉም ብዙ አይለውጠውም።

እሑድ ማታ ገብቶ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት

ሻንጣ ሳይፈታ፣ ልብስ ሳይታጠብ፣ ልጆች እያመሹ የመተኛት ልማዳቸውን ሳይተዉ ሰኞ ይመጣል። ቢቻል ሐሙስ ወይም ዓርብ ይመለሱና ቅዳሜና እሑድን ቤትዎ ያሳልፉ። አንድ የጉዞ ቀን ቢቀንስ አይቆጭዎ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመ፣ 1,530 የኔዘርላንድ ነዋሪዎችን የዳሰሰ ጥናት የሚገርም ነገር አግኝቷል። እረፍት የሚወጡት ሰዎች ከማይወጡት ይበልጥ ደስተኛ የነበሩት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ሲመለሱ፣ በጣም ዘና ብለው ካሳለፉት በቀር፣ ካልሄዱት የሚለያቸው ነገር አልነበረም። እንግዲያው የሚጠበቅ ነገር ይኑርዎት። ሻንጣውን እየፈቱ ሳለ የሚቀጥለውን እረፍት ቀን ካላንደር ላይ ያክብቡት፤ ሦስት ቀን ብትሆንም ትሁን። ለአለቃዎ ደግሞ ሰኞ ዕለቱን ይንገሩት፣ ሌላ ሰው ሳይቀድምዎ።